ሽልማቱን ይዛችሁ ወደ ሥራው ቦታ ሂዱ

ጥያቄ፦ «የሰፈራችን እድር ፀሐፊ ነኝ። ውጭ አገር ያሉ የሰፈራችን ልጆች፣ ለአካባቢያቸው በጎ ሥራ ለሚሠሩ ወጣቶች ሽልማት እንዲጀመር ብለው 120 ሺህ ብር ልከውልናል። ተማሪ የሚያስጠኑ፣ የአረጋውያን ቤት የሚያድሱ፣ ቆሻሻ መጣያ የነበረ ቦታ አጽድተው ችግኝ የተከሉ ልጆች አሉን። ግማሹ አባል ሆቴል ተከራይተን፣ ዋንጫ አሠርተን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ እንሸልም ይላል። ግማሹ ደግሞ ሽልማት ልጆቹን ያበላሻል፣ ከዚህ በኋላ ለገንዘብ ነው የሚሠሩት ይላል። ምን ይሻላል?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ ብሩን የላኩትን የሰፈራችሁን ልጆች እግዜር ይስጣቸው። ወጣት ሲያጠፋ የሚቆጣ ሰፈር ሞልቷል። ሲያለማ አይቶ «ምን እናድርግላቸው?» ብሎ የሚሰበሰብ እድር ግን ብዙ አይገጥመኝም። እኔ ከወጣት ማኅበራትና ከበጎ ፈቃድ ቡድኖች ጋር 17 ዓመት ሠርቻለሁ። ሽልማት አዘጋጅቻለሁ፣ ዕጩ መርጫለሁ፣ ተሳስቻለሁም። ከተሳሳትኩበት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት በአንዲት የክልል ከተማ የወጣቶች ሽልማት ሲዘጋጅ የመራጭ ኮሚቴው አባል ነበርኩ። ከዕጩዎቹ አንዱ በአሮጌ ኮንቴነር ውስጥ ቤተ መጻሕፍት የከፈተ የ22 ዓመት ልጅ ነው። ሲናገር ያሳምናል። ያመጣቸው ፎቶዎችም ያምራሉ። አንደኛ አደረግነው። ካባ ለበሰ፣ ዋንጫ ተቀበለ፣ 30 ሺህ ብርም ተሰጠው። አምስት ጓደኞቹ ከአዳራሹ ኋላ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ ወደዚያች ከተማ ሄጄ ጎራ አልኩ። ኮንቴነሩ ተዘግቷል። ቁልፉ ላይ ዝገት ወጥቷል። አጠገቡ ሱቅ ያላት ሴት «ልጆቹ ተጣልተዋል» አለችኝ። ጠያይቄ ከአምስቱ አንዷን አገኘኋት። የ17 ዓመት ተማሪ ናት። ከቦርሳዋ አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። ማን የትኛውን መጽሐፍ እንደወሰደ፣ መቼ እንደመለሰ፣ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ በእጇ መዝግባበታለች። ያልተመለሱት በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባቸዋል። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ኮንቴነሩን የምትከፍተው እሷ ነበረች። እኛ ግን ስሟን እንኳ አናውቅም ነበር። «እናንተ አለመጥራታችሁ አይደለም የከፋኝ» አለችኝ። «እሱ እዚያ መድረክ ላይ ቆሞ አንዳችንንም ሳይጠራ መውረዱ ነው።»

ልጁ ክፉ አልነበረም። 22 ዓመቱ ነው፤ ማይክ ሲሰጠው ደነገጠ። ጥፋቱ የኛ ነው። ከኮሚቴው አንድ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ሄዶ ኮንቴነሩ ውስጥ ቢቀመጥ ደብተሩንም ልጅቷንም ያይ ነበር። ማንም አልሄደም። ሠላሳ ሺህ ብር አውጥተን የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ዘጋን ማለት ነው። ይሄ ዛሬም ያመኛል።

ስለዚህ ለእናንተ የምለው ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሥራው ያለበት ቦታ ድረስ ሂዱ። አብረው የሚሠሩትን ሁሉ ሸልሙ። የምትሰጡትም ሥራው በሚቀጥለው ዓመት የሚያስፈልገው ነገር ይሁን።

አሁን ወደ ክርክራችሁ እንምጣ። «ሽልማት ያበላሻል» የሚሉት አባላት ዝም ብለው አይደለም የሚናገሩት። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ፣ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባለ መዋዕለ ሕፃናት የተሠራ የታወቀ ጥናት አለ። መሳል የሚወዱ ሕፃናት ተመረጡ። ከፊሎቹ አስቀድመው «ከሳላችሁ ሽልማት አለ» ተባሉ። ሽልማቱ የወርቅ ቀለም ማኅተምና ሪባን ያለው ሰርተፍኬት ነው። ሌሎቹ ምንም ሳይነገራቸው ሳሉና በድንገት ያንኑ ሰርተፍኬት አገኙ። የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጆቹ በነፃ ሰዓታቸው ምን ያህል እንደሚስሉ ታየ። ቀድሞ ቃል የተገባላቸው ሌሎቹ ከሚስሉት ግማሽ ያህሉን ብቻ ሳሉ። በድንገት የተሸለሙት ግን ለሥዕል ያላቸው ፍቅር አልቀነሰም።

በሌላ በኩል ደግሞ ምስጋና ሰውን ያቆያል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የጀርመንኛ ዊኪፔዲያ ላይ ያለ ክፍያ መጻፍ የጀመሩ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሏል። ከነሱ በዕጣ ለተመረጡት አንዲት ምልክት ተሰጠቻቸው፣ ስማቸውም በዝርዝር ወጣ። ገንዘብ የለውም። ምልክቷን ካገኙት መካከል በቀጣዩ ወር መጻፋቸውን የቀጠሉት፣ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በ20 በመቶ ያህል በለጡ። «አይተንሃል» መባል ብቻውን ይሄን ያህል ይሠራል።

ሁለቱን አንድ ላይ ስታዩዋቸው መንገዱ ይታያል። «የዘንድሮ ውድድር፣ አንደኛ የወጣ ይህን ያህል ብር» የሚል ማስታወቂያ አትለጥፉ። እንዲያ ካደረጋችሁ በሚቀጥለው ወር ሰፈሩ በአዲስ «ፕሮጀክት» ይሞላል፤ ከሽልማቱ ማግስት ደግሞ ባዶውን ይቀራል። ይልቅ ማንም ሳያያቸው ሲሠሩ የቆዩትን ፈልጉ፣ አግኙ፣ ከዚያ አመስግኑ። ቀኑንም በየዓመቱ አንድ ቀን ላይ አትወስኑት። ጥቅምት ላይ ጥሩ ሥራ ካያችሁ ጥቅምት ላይ ስጡ። እስከ ጳጉሜን የምታስጠብቁበት ምክንያት የለም።

ደረጃውንም ተዉት። አንድ ሰፈር ውስጥ ተማሪ የሚያስጠናውን ቡድን አንደኛ፣ የአረጋውያን ቤት የሚያድሰውን ሁለተኛ ብሎ ማን ሊፈርድ ነው? በምን ሚዛን? ትልቅ ከተማ ላይ ሦስተኛ የወጣ ሰው ከአንደኛው ጋር ዳግም ላይገናኝ ይችላል። እናንተ ጋ ግን ነገ ጠዋት ዳቦ ሰልፍ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። እናቶቻቸውም አንድ እድር ላይ ናቸው።

ማን ይጠቁም? እኔ ብሆን ፎርም አልበትንም። ፎርም የሚሞላው ጽሑፍ የሚችል፣ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ፣ ቪዲዮ ማቀናበር የሚያውቅ ልጅ ነው። ዝም ብሎ የሚሠራው ይቀራል። በተለይ ሴቶቹ ይቀራሉ። መዝገብ የሚይዙት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ የቀሩትን ሕፃናት ቤታቸው ሄደው የሚጠሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ፎቶ ሲነሳ ግን ከካሜራው ጀርባ ናቸው።

ከሌላው ልምድ የሚወሰድም አለ። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ዕጩ የሚቀበለው ከሕዝብ ጥቆማ ነው። እንግሊዝ አገር በልዕልት ዲያና መታሰቢያነት እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ሽልማት አለ። ከ9 እስከ 25 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሰጥ ነው፣ ገንዘብም የለውም። እዚያ ልጁ ራሱን አይጠቁምም፤ ቤተሰቡም አይጠቁመውም። በሥራው የሚያውቀው ሰው፣ ለምሳሌ መምህሩ፣ ነው የሚጠቁመው። ይቺ ደንብ ለእናንተም ትጠቅማለች። የእድሩ ሊቀመንበር የልጃቸውን ስም ሊያነሱ ሲሉ ደንቡ ራሱ ይመልስላቸዋል። እርስዎም ከመጣላት ይድናሉ።

እናንተ ደግሞ እነዚያ ድርጅቶች የሌላቸው ነገር አላችሁ። በየወሩ ሰው ፊት ለፊት ይሰበሰብላችኋል። መዋጮ ሲከፈል እግረ መንገዱን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በዚህ ዓመት ቤትዎን የረዳ፣ ልጅዎን ያስጠና፣ ደጅዎን ያጸዳ ወጣት አለ? ከነማን ጋር?» «ከነማን ጋር» የምትለዋን አትርሷት። ሰው የሚያስታውሰው አንድ ስም ነው። ሲጠየቅ ግን ሦስት አራት ይጨምራል።

ስም ከተሰበሰበ በኋላ ሂዱ። ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ከመካከላችሁ አንዷ ልጆቹ የማይፈሯት እናት ትሁን። «ልንሸልማችሁ ነው» አትበሉ፤ «ልናይ መጣን» በሉ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ሥራው ሲሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩ። ከዚያ ሥራውን የሚመራውን ልጅ ለብቻው አንድ ነገር ጠይቁት፦ «አንተ ሳምንት ብትታመም ማን ይከፍታል?» ወዲያው ስም ከጠራ ቡድን አለው። «ይዘጋል» ካለም አትጣሉት። የሚያስፈልገው ዋንጫ ሳይሆን አጋዥ መሆኑን አወቃችሁ ማለት ነው። ከተረዱት ሰዎችም ጋር ልጆቹ በሌሉበት አውሩ። ቤታቸው የታደሰላቸውን እናት «ጣሪያው ክረምቱን ያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀለም ተቀብቶ ፎቶ ተነስቶ ከታች ውሃ የሚያስገባ ቤት አይቻለሁ።

በቁጥር ለመለካት ስትነሱ ተጠንቀቁ። አስጠኚዎቹን «ስንት ልጅ አሳለፋችሁ?» ማለት ትክክለኛ ጥያቄ ይመስላል። ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ቡድን ትልቅ ሥራ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። በቁጥር ብቻ ከሸለማችሁ በሚቀጥለው ዓመት ጎበዞቹን መርጠው ማስጠናት ይጀምራሉ። እርዳታው የሚያስፈልገው ደካማ ተማሪ ደጅ ይቀራል። ይልቅ መዝገባቸውን እዩ። መስከረም ላይ ከጀመሩት ልጆች ግንቦት ላይ ስንቱ አሉ? ልጅ የማይረባው ነገር ላይ ቅዳሜ ጠዋቱን አያጠፋም።

ምን ይሰጥ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሽልማት የሚበላሸው እዚህ ነው።

በየዓመቱ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የሕፃናት የሰላም ሽልማት አለ። በ2013 እ.ኤ.አ. ለሴት ልጆች ትምህርት የቆመችው ፓኪስታናዊት ማላላ ዩሱፍዛይ ያገኘችው ነው። ያኔ ከሽልማቱ ጋር 100 ሺህ ዩሮ ነበረ። ግን ገንዘቡ የሚውለው ልጁ ከቆመለት ዓላማ ጋር ለተያያዙ ፕሮጀክቶች ነበር። ስሙ ለልጁ፣ ገንዘቡ ለሥራው። ይሄንን ብትወስዱ የእነዚያ «ለገንዘብ ነው» የሚሉት አባላት ሥጋትም ግማሹ ይቀላል።

ከ120 ሺሁ እኔ እንዲህ እከፍላለሁ። ለዕለቱ 15 ሺህ። ለቡድኖቹ ሥራ 75 ሺህ። ቀሪው 30 ሺህ እድሩ ጋ ይቆይና ከስድስት ወር በኋላ ሄዳችሁ ስታዩ የጎደለውን ይሙላ። ቡድኖቹን «ምን ያስፈልጋችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ አትገምቱ። ትልቅ ነገር ይጠይቃሉ ብላችሁ ትሠጉ ይሆናል። እኔ ስጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሰማሁት ነጭ ሰሌዳ፣ አካፋ፣ ጓንት፣ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ፣ ለማታ ጥናት አምፖል ነው። አንድ ጊዜ ችግኝ የሚንከባከቡ ልጆች የጠየቁን የውሃ ጎማ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት በጄሪካን ሲያጠጡ ቆይተዋል። ያውም አቀበት ላይ። ጎማው ሲመጣ ዙሪያውን ቆመው ሲነኩት አልረሳውም።

በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡት ካለ በአንድ ሰው ስም አይሁን። በቡድኑ ስም ሒሳብ ከፍተው ሦስት ፈራሚ ያቁሙ፣ ከሦስቱም አንዷ ሴት ብትሆን። ለመደራጀት ገና ከሆኑ ብሩ እድሩ ጋ ይቀመጥና በደረሰኝ ይውሰዱ።

ከዚህ ሌላ ብር የማያስወጡ ሁለት ነገሮች አሏችሁ። አንዱ ማኅተማችሁ ነው። «እነዚህ ወጣቶች በሰፈራችን ይህን ሥራ ለሁለት ዓመት ሲሠሩ እናውቃቸዋለን» የሚል፣ የሁሉም ስም የተዘረዘረበት፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ደብዳቤ ስጧቸው። ወረዳ ሲሄዱ፣ ትምህርት ቤት ክፍል ሲለምኑ፣ ሥራ ሲያመለክቱ ይዘውት ይገባሉ። ከሚያምር ሰርተፍኬት በላይ በር ይከፍታል። ሰርተፍኬቱ «ላደረጋችሁት አስተዋጽኦ» ይላል፤ ምን እንዳደረጉ አይናገርም። ደብዳቤው ግን ሥራውን ይናገራል። ሌላው ንብረታችሁ ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ አንዳንዱ እድር አዳራሽም አለው። ሳምንቱን ሙሉ ተቆልፎ የሚውል አዳራሽ ካላችሁ የአንድ ዓመት ቁልፍ ለአስጠኚዎቹ ስጡ። የቤንቹ ወጪ፣ የኪራዩ ጭንቀት በቃ፣ አለቀ።

ሆቴሉን እርሱት። ዕለቱ እዚያው ሥራው ያለበት ቦታ ይሁን። ችግኙ መሃል፣ ወይም የታደሰው ቤት ደጃፍ። የእድሩን ድንኳን ትከሉ። ይሄ ድንኳን ሲተከል ሰፈሩ የለመደው ለቅሶ ነው። አንድ ቀን ለልጆቹ ደስታ ሲተከል ሰው ሁሉ ምን ተገኘ ብሎ ይመጣል። ድፎ ዳቦ ይቆረስ፣ ቡና ይፈላ። ስም ሲጠራ የሁሉም ይጠራ፤ መጥሪያው ደግሞ የሠሩትን ይናገር። «እገሊት፣ ለአንድ ዓመት በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ላይ በሩን የከፈተች» ይባል። ያኔ እናትየው የምትሆነውን ታያላችሁ።

ባለሥልጣን ቢጋበዝ ጥሩ ነው፤ ለልጆቹ ነገ ይጠቅማቸዋል። ግን ዋናው ወንበር ላይ የተረዱት ይቀመጡ። ንግግሩም ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። የፓርቲም ሆነ የሌላ ወገን ባነር አይሰቀል። አንድ ጊዜ ወገን ከለየ ሽልማቱን ግማሹ ሰፈር ይተወዋል። ስጦታውን ማን ይስጥ ካላችሁኝ፣ ቤታቸው የታደሰላቸው እናት ይስጡ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ይመርቁ። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ሰፈሩ በሙሉ «አሜን» ሲል፣ ያ ድምፅ የትም ቢሄዱ ይከተላቸዋል። ከተሸለሙ ዓመታት ካለፏቸው ወጣቶች ጋር ሳወራ የሚያነሱልኝ እሱን ነው። ዋንጫውን ያነሳልኝ አንድም የለም።

ካሜራን በተመለከተ አደራ እላለሁ። ልጆቹን አንሱ። የተረዱ ሰዎችን ግን ሳታስፈቅዱ አታንሱ። የፈራረሰ ቤት ውስጥ የተኙ አዛውንት ምስል ቲክቶክ ላይ ወጥቶ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሰደብ አይቻለሁ። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ተሸላሚዎችም ካሉ ለፎቶውም ለስሙም ወላጅ ይፈቅድ። ለነገሩ ዕድሜው ራሱ ሊያከራክራችሁ ይችላል። የአገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል። እናንተ በፖሊሲው ብትሄዱ ይበቃል። ከ15 በታች ሆኖ የሚያግዝ ሕፃን ካለም ከቡድኑ ጋር ስሙ ይጠራ፤ መቼም በዕድሜ ብላችሁ አታስቀሩትም።

ውጭ ላሉት ልጆቻችሁ ደግሞ ይህን ንገሯቸው። ሆቴልና ዋንጫ ያለበት ፎቶ ጠብቀው ከሆነ፣ የእናንተ ፎቶ አካፋና ነጭ ሰሌዳ ይኖርበታል። ምክንያቱን ስታስረዷቸው ይገባቸዋል፤ እነሱም እዚያ አፈር ላይ ያደጉ ናቸው። ከብሩ በተጨማሪ ጊዜያቸውን ጠይቋቸው። ነርስ አለች? ሒሳብ ሠራተኛ አለ? በወር አንድ ሰዓት በስልክ ከአንድ ቡድን ጋር ቢያወሩ፣ ማመልከቻ ቢያርሙላቸው፣ መዝገብ አያያዝ ቢያሳዩአቸው ብዙ ነው። በዕለቱም በቪዲዮ ይግቡና ስሞቹን እነሱ ያንብቡ።

«ትንሽ ይቆዩ፣ ሥራቸው ይታይ» የሚል አባል አይጠፋም። ለእሱ አንድ ነገር ልበል። ፍሬወይኒ መብራህቱ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ የምታመርትበትን ፋብሪካ መቀሌ ላይ የከፈተችው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ የመረጣት በ2019 ነው። አሥር ዓመት ጸንታ ቆየች። እሷ ግን የተማረች መሐንዲስ ናት፤ ከአሜሪካ ተመልሳ ሥራዋን በራሷ ያቆመች ብርቱ ሴት። የ19 ዓመት ልጅ ያን ያህል አይጠብቅም። ቤተሰቡ «ሥራ ፈልግ» ይለዋል፣ ጓደኞቹ «ምን ታገኛለህ?» ይሉታል። በሁለተኛው ዓመት አካባቢ ብዙዎቹ ይተዉታል፤ እኔ ያየሁት እንዲያ ነው። የናንተ ሰፈር ልጆች አሁን እዚያ ዓመት ላይ ከሆኑ፣ ቶሎ ብትደርሱላቸው መልካም ነው።

ስለዚህ ስብሰባውን ለመጨረስ አትጠብቁ። በዚህ ቅዳሜ አስጠኚዎቹ ጋ ሂዱና ኋላ ካለው ወንበር ተቀመጡ። መዝገብ የምትይዘው ማን እንደሆነች ጠይቁ። ስሟን ጻፉት።